መሥዋዕቱ ስግደቱ ነው ወይስ ሕመሙ?

«ይኼን ሕመም ካስለቀቅኸኝ ለጌታዬ ምን ይዤ ልቀርብ ነው?» አለችኝ እናቴ። ቀኑ ቀዳም ሥዑር ነበር። በዋዜማው፣ በስቅለት፣ ከጠዋት ጀምራ ስትሰግድ ውላለች። ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ አድርገው የጨመሩላትን ስግደትም ሳታጎድል ፈጽማለች። በማግስቱ ከመደቡ ለመነሣት ግድግዳ መያዝ ግድ ሆነባት። እኔ እዚሁ ጎብዬ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ የሠራሁትን የጡንቻ ማሻ ሮለር ይዤ ቀረብኋት። እጇን ዘርግታ ከለከለችኝና ያንን ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋን ሰምቼ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ሕመም በራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነው? ሰው ሥጋውን ሲያሳርፍ ከነፍሱ ድርሻ ይቀንሳል? በሚሰግድ፣ በሚጾምና በሚያርስ ሕዝብ መካከል ቆሞ ሰውነትን ስለ ማፍታታት የሚያስተምር ሰው ይህን ሳይመልስ ሥራውን በቅን ልብ ሊሠራ አይችልም። እምነቴን አስቀድሜ ልናገር። ለእግዚአብሔር የቀረበው መጎንበሱ ነው፤ ሕመሙ ከመጎንበሱ በኋላ የመጣ ነው። እሱን ማስታገስ ከመሥዋዕቱ ላይ ምንም አያጎድልም፤ ለሚቀጥለው መሥዋዕት ሰውነትን ያዘጋጃል።

ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል፣ በዋናው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተ ምዕራብ ደጋው፣ መሐሉ ሜዳ፤ ሜዳው ደግሞ ማሽላ። እዚህ አገር ሰው ዕድሜውን የሚፈጀው አጎንብሶ ነው። ማሽላ ሲኮተኩት ያጎነብሳል፤ አቀንጭራ ሲነቅል ያጎነብሳል፤ ጤፍ ሲያጭድ ያጎነብሳል። ሴቷ ከማሳው ተመልሳ ምጣድ ላይ ታጎነብሳለች፤ ውኃውንም በጀርባዋ ታዝላለች። በዚህ ላይ ክርስቲያኑ ስግደት አለበት፤ ሙስሊሙም በቀን አምስት ጊዜ ሩኩዕና ሱጁድ አለበት። ወገቡ ያልተያዘ፣ ባቱ ያልጠነከረበት ትልቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ሕዝቡ ለዚህ ሕመም መላ አጥቶ አያውቅም። ወጌሻው ቅቤ አሙቆ፣ የተያዘውን ቦታ በአውራ ጣቱ ፈልጎ ያሻል። ጨው የገባበት ሙቅ ውኃም አለ። ከእርሻ የተመለሰ አባት ደግሞ በሆዱ ይተኛና ልጁን «ና ጀርባዬን ርገጠኝ» ይለዋል። ልጁ ግድግዳ ይዞ በባዶ እግሩ ከወገብ እስከ ትከሻ ይመላለሳል። እኔም አባቴን እንዲህ ስረግጠው አድጌአለሁ። ፎም ሮለር የሚባለው የዛሬ ዕቃ ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው፤ በፊት የልጁ ክብደት በአባቱ ጀርባ ላይ ያርፍ ነበር፤ አሁን ሰውየው የገዛ ክብደቱን በዕቃው ላይ ያሳርፋል።

የፋብሪካው ሮለር ከጠንካራ ስፖንጅ የተሠራ፣ የክንድ ርዝመት ያለው ድብልብል ዕቃ ነው። የእኔ ከውኃ መስመር ከተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ነው፤ በላዩ የፍራሽ ስፖንጅ ጠቅልዬ፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አጥብቄ አሰርሁት። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መሬት ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሰውየው ባቱን ወይም ጭኑን ሮለሩ ላይ ያሳርፍና በእጆቹ እየተደገፈ በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንከባለላል። የሚያመው ቦታ ሲገኝ እዚያው ቆም ይላል፤ ትንፋሹን አይዝም፤ በረጅሙ ያስወጣል። ለአንድ ጡንቻ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ስለዚህ ዕቃ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራል። በጡንቻው ውስጥ የተቋጠረውን ፈትቶ ያወጣል፣ የተጣበቀውን ሽፋን ያላቅቃል ይባላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ስሌት ግን የጭንን ጎንና የውስጥ እግርን የሚሸፍነውን ጠንካራ ሽፋን ቅርጽ ለመለወጥ የሰው እጅ ከሚያመጣው በላይ ኃይል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። አንዱን ባት ሲያሹት፣ ያልተነካው የሌላው ባት ሕመም አብሮ የቀነሰባቸው ጥናቶችም አሉ። ይህ የሚነግረን ለውጡ በአብዛኛው በነርቭ በኩል እንደሚመጣ ነው። አንጎል ከዚያ ቦታ የሚመጣለትን የሕመም መልእክት ማክረሩን ይተዋል፤ ጡንቻውም ጥበቃውን ያላላል።

ከስግደት በኋላ ያለው የጭን ሕመምም በተለምዶ በላክቲክ አሲድ ይመካኛል። ላክቲክ አሲድ ግን ሥራው ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ከጡንቻው ይጠራል፤ ይህ ሕመም የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰጋጅ ወደ መሬት ሲወርድ ጭኑ እየተለጠጠ ክብደቱን ይሸከማል። ዓመቱን ሙሉ ያልለመደው ጡንቻ በአንድ ቀን መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ እንዲህ ሲሸከም በውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሰውነት ያንን ሲጠግን ነው የሚያመን። ሮለር ጉዳቱን አይጠግንም። ሕመሙን በመጠኑ ያቀላል፤ መገጣጠሚያውም ለጥቂት ደቂቃዎች እንደ ልብ እንዲታጠፍ ይረዳል። ጥገናው የሥጋው የራሱ ሥራ ነው፤ የተጠገነውም ጡንቻ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ሥራ በቀለለ ሕመም ይወጣዋል።

ይህን ባወቅሁ ቁጥር እምነቴ ይጸናል። ማንም ሳያዘው በሌሊት የሚሠራ ጥገና በሥጋችን ውስጥ አለ። ያን ጥገና ያኖረ ፈጣሪ ፍጡሩ በሕመም ሲንገላታ ደስ የሚለው ሊሆን አይችልም። መስገድን ያዘዘው እሱ ነው፤ የሰገደውን ጉልበት የሚጠግነውም እሱ ነው።

ግን የእናቴ ጥያቄ በዚህ ብቻ አይመለስም። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ስባረ አጽም ታከብራለች። ጻድቁ ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው እንደ ተሰበረ፣ ከዚያም በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት በጸሎት እንደ ቆሙ ገድላቸው ይናገራል። የተሰበረችው እግር በአጠገባቸው የምትታይበት ሥዕላቸው እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስም ሥጋውን እየጎሰመ እንደሚያስገዛ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። በዚህ ትምህርት ያደገች ሴት ሕመሟን አሳልፋ አልሰጥም ብትል ልትናቅ አይገባም። ሕመሟን ትርጉም ሰጥታ የያዘች ሴት፣ ሕመሟን ዝም ብላ ከምትሸከም ሴት ይልቅ ጠንካራ ናት።

ይሁን እንጂ ገድሉን ልብ ብለን እንስማ። ጻድቁ የቆሙት ሊጸልዩ ነበር። እግራቸው በተሰበረ ጊዜም የቀጠሉት ጸሎቱን ነው። ስብራቱ ጸሎቱ ያስከፈላቸው ዋጋ ነው፤ ስብራትን ፈልገው አልቆሙም። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚያገኘው ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ተኝቶ ሞቱን ሲለምን፣ ወደ እሱ የመጣው መልአክ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞም ተኛ። ወደ ኮሬብ የሄደበትን 40 ቀንና 40 ሌሊት የተጓዘው በዚያ ምግብ ኃይል ነው። የእግዚአብሔርን ድምፅ ከመስማቱ በፊት ሥጋው ተጠግኗል።

ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ የቤተ ክርስቲያን ቀመር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይጾማል። በሰሙነ ሕማማት ከሰኞ እስከ ዓርብ ስግደቱ ይበረታል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ጾም የለም፤ ስግደትም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ዛሬ የአትሌቶች አሠልጣኞች ከጫና በኋላ ዕረፍት ያስፈልጋል፣ ጡንቻ የሚገነባው በዕረፍቱ ጊዜ ነው ብለው ያስተምራሉ። አባቶቻችን ለነፍስ ብለው የሠሩት ሥርዓት ሥጋን አልረሳም። በበዓለ ሃምሳ ጉልበቱ የተፍታታለትን ምእመን «የሕማማት ስግደትህ ፈረሰ» የሚለው ካህን የለም።

መቋሚያውንም ተመልከቱ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆሙ ካህናትና መዘምራን የሚደገፉበት በትር ነው። መቋሚያ ስለ ያዙ ማኅሌቱ አልቀለለም፤ የደከመ ወገባቸውን አሳርፈው እስከ ንጋት እንዲዘምሩ አስቻላቸው። ሮለርም በእኔ ዐይን የመቋሚያ ወገን ነው፤ የቆመውን ሰው ነገም እንዲቆም ይረዳዋል።

እናቴ ነገሩን ከእኔ በተሻለ ለየችው። ቅዳሜ እምቢ ያለችኝ ሴት በማዕዶት ሰኞ ራሷ ጠራችኝና «አምጣው በል፤ አሁን ሃምሳው ገብቷል» አለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ባቷን በቀስታ አንከባለልሁላት። የቅዳሜው እምቢታዋ ሐዘን ነበር፤ ጌታዋ በመቃብር ሳለ ራሷን ማሳረፍ አልፈለገችም። እሑድ ሌሊት ትንሣኤው ሲበሠር ሐዘኗም አበቃ፤ ሕመሙን ይዞ መቆየትም ምክንያቱን አጣ። ለሐዘን ልክ ያለው ሰው ለሕመምም ልክ ያበጅለታል።

የሙስሊም ጎረቤታችንንም ጠየቅሁ። እኚህ ሸህ ጉልበታቸው ስለ ደከመ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። «ሶላቱ አይጎድልም ወይ አባባ?» አልኋቸው። ነቢዩ ለታመመ ሰው ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልህ ተቀምጠህ፣ እሱንም ካልቻልህ በጎንህ ተኝተህ ብለው እንደ ፈቀዱ ነገሩኝ። ቀኑን ሁሉ ይጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ይቆም ለነበረ ወጣት ሶሓባም ሰውነቱ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው እንዳስተማሩት ጨመሩልኝ። «ሐቁን የከለከልኸው አካል የቂያማ ቀን ይመሰክርብሃል ልጄ» አሉኝ። በእናቴ ሃምሳና በሸሁ ሐቅ ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ሥጋ ለአምልኮ ሲጠራ መልስ ይሰጣል፤ ሲደክምም የሚጠይቀው አለው።

ድካምን ማቅለል ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በራያ መጀመሪያ የሚከሰሰው ገበሬው በሆነ ነበር። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ይዞ የሚመጥ አረም ነው፤ እየተጎነበሰ በእጅ ሲነቀል የስንቱን ወገብ አጉብጧል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታና ባልደረቦቻቸው ይህን አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አፈለቁ። በአገራችን ከተለቀቁት አንዱ «ጎብዬ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ፕሮፌሰሩ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ምድር እሾህና አሜከላ ታብቅልብህ፣ በወዝህም ብላ የተባለው አዳም ልጆች ይህን ዘር ሲዘሩ ማንም አልገሠጻቸውም፤ ካህኑም ሸሁም ዘሩን ባርከዋል። ማሳው ላይ ወገብን ማዳን የተባረከ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ወገብን ማፍታታት የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕመም ደግሞ ያለ ልክ ሲቆይ የሚያደርገው አንድ ክፉ ነገር አለ፤ ሰውን ወደ ራሱ ይሰበስበዋል። ወገቡ የታመመ ሰው ቅዳሴ ላይ ቆሞ የሚሰማው ወገቡን ነው። ልጁ ሲያናግረው ይቆጣል፤ ጎረቤት ሲጠራው አይነሣም። የትንሣኤ ሌሊት ከጎኔ ቆማ የነበረች እናቴ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየረች አነጋች፤ ዓይኗ ከካህናቱ ይልቅ ወደ መቀመጫ ይሄድ ነበር። ያ ሕመም ስቅለት ዕለት ከክርስቶስ መከራ ጋር አገናኝቷት ይሆናል፤ በትንሣኤ ሌሊት ግን ደስታውን ይሻማት ነበር። ሕመም ወደ እግዚአብሔርና ወደ ሰው እስካቀረበን ድረስ እንሸከመዋለን። ከሁለቱም ሲለየን ግን ልናስታግሰው ይገባል። መለኪያዬ ይኸው ነው።

መለኪያው ወደ ሌላውም ወገን ይሠራል። ሰውነቱን ከማፍታታት አልፎ የሚያመልክ ሰው አለ። ትንሽ ሲያመው ሥራ ይተዋል፤ ምቾቱን ከሁሉ ያስቀድማል። ለእሱ የተፍታታ ጡንቻ መድረሻ ሆኗል። አበበ ቢቂላ ግን እንዲህ አልነበረም፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። መስመሩን እንዳለፈ ሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ዓለም አለመድከሙን አደነቀ። እኔ ለተማሪዎቼ የማሳያቸው ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው መጀመሪያ ሰውነቱን ለአገሩ አሟጥጦ ሰጠ፤ ከዚያ ተንከባከበው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሲሆን ያምራል። ያልሠራ ሰውነት ዕረፍት ቢያበዛ ይዝላል፤ የሠራ ሰውነት ዕረፍት ቢያጣ ይሰበራል።

ስለ ሮለር አንድ የሚያሳዝነኝ ነገርም አለ። የአባቴን ጀርባ ስረግጥ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያወራኝ ነበር፤ ስለ በሬው፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ አያቴ። ወጌሻው ሲያሽ ይጠይቃል፤ ሕመምተኛው ይመልሳል፤ በዚያ መሐል የልብ ሸክምም ይራገፋል። ሮለር ይህን አይሰጥም፤ ሰውን ከገዛ ክብደቱ ጋር ብቻውን ይተወዋል። ዛሬ በራያ ብዙ ወላጅ ብቻውን ነው። ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሌሎቹ ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ሄደዋል። ጀርባ የሚረግጥ ልጅ የሌለው አባት ቱቦና ስፖንጅ ቢያገኝ መልካም ነው፤ ሕመሙን ያቀልለታል። ከእጅ ጋር የሚመጣውን ጨዋታ ግን ዕቃ አይተካውም። የታመመን መጠየቅ በሁለቱም ሃይማኖት ትልቅ ምግባር ሆኖ የተቆጠረው ስለዚህ ይመስለኛል።

ለሚሞክሩትም ጥቂት ጥንቃቄ ልንገር። ሮለር ለጡንቻ ነው፤ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ፣ በተለይም የወገብ አከርካሪ ላይ አይደረግም። የደም ሥሩ ያበጠ እግር፣ ቁስል ወይም ስብራት ላይም አይደረግም። ነፍሰ ጡር ሴትና የደም መርጋት ያጋጠመው ሰው ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከቀላና ከሞቀ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ከከዳ፣ ወይም ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ማሸቱን ትቶ በቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሕመሙም «ይኼስ ደስ ይላል» ከሚያሰኘው ልክ ካለፈ ጫናውን መቀነስ ያስፈልጋል፤ አጥብቆ መጫን ፈውሱን አያፈጥነውም።

ወገኖቼ፣ ጉልበት ያላችሁ ስገዱ፤ ጾሙ፤ አርሱ። ለአምላካችሁና ለቤተ ሰባችሁ ሰውነታችሁን አትሰስቱት። ከሰጣችሁት በኋላ ግን ሐቁን መልሱለት፤ አሳርፉት፤ አፍታቱት። ካህናትና ሸሆች ሆይ፣ ከሕማማት በኋላና ከረመዳን በኋላ ለሕዝባችሁ ይህን በግልጥ ንገሩት፤ ከእኔ ይልቅ እናንተን ይሰማልና። እናትና አባት በሕይወት ያላችሁ ልጆች ደግሞ፣ በሚቀጥለው ማዕዶት ወይም ዒድ ቅቤውን አሙቁና የወላጆቻችሁን ባት በእጃችሁ እሹ።